ሜትር፣ ደብተርና የልጄ ዥንጉርጉር እግር

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምለካው የሰው ወገብና ክንድ ነው። ልጄ ስትወለድ ግን ዓይኔ የገባው ቀለም ብቻ ነበር።

ግራ እግሯ ከብሽሽቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ መረብ ያጠለቀ ይመስላል። ሐምራዊና ሰማያዊ መስመሮች እርስ በርስ ተጠላልፈዋል፤ በመሀላቸው ደህና ቆዳ ይታያል። መረቡ ወደ ሆዷም ትንሽ ወጥቷል። እምብርቷ ጋ ሲደርስ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀኝ እግሯ ላይ ምንም የለም። አዋላጇ አየት አድርጋ «ብርድ ነው፣ አይዞሽ፣ ደርቢላት» አለችኝ። ደረብኩላት። ልጅቷን ላብ አጠመቃት እንጂ መረቡ ንቅንቅ አላለም።

ስሙን የሰማነው በ19ኛው ቀን ነው። የቆዳ ሐኪሟ እግሯን ገልብጣ፣ ተጭና፣ ዳብሳ ስታበቃ ወረቀት ላይ ጻፈችልን፦ ኩቲስ ማርሞራታ ቴላንጂየክታቲካ ኮንጀኒታ። ባሌ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተወው። ባጭሩ ሲኤምቲሲ ይሉታል፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ከዚያ ሐኪሟ አንድ ነገር አለችኝ፦ «ቀለሙን ለጊዜው ተይው። አንቺ እግሩን ለኪልኝ።»

ይህን የምጽፈው ያኔ እንደኔ ግራ ለተጋባ ወላጅ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞች ያሉኝንና በቤቴ ያደረግኩትን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ብርድ መሆን አለመሆኑን እዩ

አዋላጇን አልቀየምኳትም፤ ብዙ ጊዜ እውነትም ብርድ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ ሲበርደው ቆዳው መረብ መረብ ማለቱ የተለመደ ነው። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ገና ሙቀትና ቅዝቃዜን በወጉ መቆጣጠር አልለመዱም። ይኼኛው መረብ በአብዛኛው ግራና ቀኝ እኩል ነው። ልጁ ሲሞቀው ይጠፋል። በጥቂት ወራት ውስጥም እየተወ ይሄዳል።

ለመለየት እንዲህ አድርጉ። ክፍሉ ሞቅ ይበል። ልጁ ጠግቦ፣ ተረጋግቶ ሳለ ልብሱን አውልቃችሁ ዳይፐሩን ብቻ ትታችሁ ደረታችሁ ላይ አስተኙት። ጀርባው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉ፣ ፊቱ ግን አይሸፈን። 20 ደቂቃ ያህል ጠብቁና እዩት። ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ብርድ ነበር። ፈዘዝ ብሎ ግን ቅርጹ እዚያው ከቆየ፣ ለሐኪም የምታሳዩት ነገር አላችሁ ማለት ነው። የኛዋ መረብ ስትሞቅ ይደበዝዛል እንጂ አይለቅም። ስታለቅስ ደግሞ ቀለም የተደፋበት ይመስል ይደምቃል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ሲኤምቲሲ ብዙ ጊዜ አንድ ወገን ይመርጣል፤ እግር ላይ በብዛት ይታያል፤ የሰውነት መሀል መስመር ላይ ድንገት ሊቆም ይችላል። ጣታችሁን በስሱ ብታስኬዱበት መስመሩ ያለፈበት ቆዳ የሳሳ ወይም ጎድጎድ ያለ ሆኖ ሊሰማችሁ ይችላል። እኔ ጨርቅ መዳሰስ ልምዴ ስለሆነ ይህን ቶሎ ነው የያዝኩት። የጉልበቷ ጎን ብዙ ጊዜ የታጠበ ሸሚዝ ክርን ይመስል ነበር።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። በይነመረብ ላይ የምታገኟቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጭ ሕፃናት ናቸው፤ መረቡ ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ ይታያል። ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ወይም ቡናማ ያደላል። በደካማ መብራት ደግሞ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። «ፎቶውን አይመስልም» ብላችሁ አትተዉት። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን እዩ።

እዚህ ላይ ሳልረሳው፦ ደህና የነበረ ልጅ ድንገት መላ ሰውነቱ ቢዥጎረጎር፣ አብሮት ጡት እምቢ ካለ፣ ከዛለ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ የሚሞከር ነገር የለም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። ያ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲኤምቲሲ ከተወለደ ጀምሮ ያለ ነው፤ በአንድ ሌሊት አይመጣም።

ያ ረጅም ስም ምን ማለት ነው

ስሙ ሲያስፈራ ሳይፈታ አትተዉት። ኩቲስ ቆዳ ነው። ማርሞራታ እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ማለት ነው። ቴላንጂየክታቲካ ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች መስፋታቸውን ይናገራል። ኮንጀኒታ ደግሞ አብሮ የተወለደ። እንግዲህ ያ ሁሉ ላቲንና ግሪክ «ሲወለድ ጀምሮ የደም ሥሮቹ ሰፍተው እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ቆዳ» ለማለት ነው። እኛ ቤት ይህንን ካወቅን ወዲህ ፍርሃቱ ቀነሰ።

መጀመሪያ የጻፉበት ቫን ሎሁዘን የተባሉ ከሆላንድ የሆኑ ሐኪም ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1922። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሐኪም በእሳቸው ስም ሲጠራው ብትሰሙ ሌላ በሽታ አይምሰላችሁ። ከዚያ ወዲህ በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገቡት ልጆች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብዙ አይደሉም። ስለዚህ ጎበዝ ሐኪም እንኳ በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። «እስቲ ላንብብና ልመለስ» የሚል ሐኪም ካገኛችሁ እሱን አትልቀቁት።

መንስኤውን በተመለከተ የተነገረኝ ይህ ነው። ልጁ ከተፀነሰ በኋላ፣ ገና ጥቂት ሴሎች ሳለ፣ አንዱ ሴል ላይ ለውጥ ይፈጠራል። ከዚያ ሴል የሚበቅለው የሰውነት ክፍል ብቻ ለውጡን ይዞ ያድጋል። አንድ እግር ተዥጎርጉሮ ሌላው ንጹሕ የሚሆነው በዚህ ነው ተብሎ ይታሰባል። አንዳንድ ልጆች ላይ ጂኤንኤ11 በሚባለው ዘረ መል ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ተገኝቷል። ከእናት ወይም ከአባት የሚወረስ አይደለም፤ በአንድ ቤተሰብ ተደጋግሞ የታየበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። እርጉዝ ሆኜ የበላሁት፣ የደነገጥኩበት፣ ስፌት ላይ ቁጭ ብዬ ያመሸሁበት፣ አንዱም አይደለም። ይህን ሐኪሟን ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሳትሰለች መለሰችልኝ።

የመጀመሪያው ምርመራ ላይ ምን ይታይ

ይህን በሽታ የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። ሐኪም የሚለየው በማየትና በመዳሰስ ነው። ስለዚህ ልጁ ሙሉ በሙሉ ልብሱን አውልቆ ይታይ። «እግሩን ብቻ ልይ» ቢሏችሁ፣ በትሕትና፣ ዳይፐሩንም ጭምር አውልቁት። እኛ የመጀመሪያው ቦታ የእግሯን ሱሪ ወደ ላይ ሰብስበው አይተው ነው የሸኙን። ሆዷ ላይ ያለውን ማንም አላየም።

ከቆዳው ሌላ እነዚህን እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። የራስ ቅሉ ላይ ቆዳ የጎደለበት ወይም ጠባሳ የሚመስል ቦታ አለ ወይ? የእጅና የእግር ጣቶች ሙሉ ናቸው? ሁለቱ አንድ ላይ ከተገኙ አዳምስ ኦሊቨር የሚባል ሌላ ነገር ይታሰባል፤ ያኔ ልብም ይመረመራል። የራሱ ዙሪያ ስንት ነው? መረቡ ያለበት ልጅ ጭንቅላቱ ከልክ በላይ ትልቅ ከሆነ ወይም በፍጥነት እያደገ ከሄደ ሐኪሙ የሚጠረጥረው ከሲኤምቲሲ የተለየና ከአንጎል ጋር የተያያዘ ችግር አለ። መረቡ ፊት ላይ በተለይም ዓይን አካባቢ ካለ የዓይን ሐኪም ማየት አለበት፣ ምክንያቱም የዓይን ግፊት፣ ግላኮማ የሚሉት፣ ሊኖር ይችላል። ግላኮማ ሲዘገይ ብርሃን ይወስዳል። በቶሎ ሲያዝ ግን ይታከማል።

የብዙ ልጆች ሲኤምቲሲ ቆዳ ላይ ብቻ ወይም ቆዳና አንድ እግር ላይ ያለ ነው። ያን ሁሉ ማየቱ ለማስፈራራት አይደለም፤ አንዴ ታይቶ «የለም» እንዲባል ነው። እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት «የለም» ይዘን ተመለስን። እንደዚያ ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም።

ሜትርና ደብተር

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ።

የተዥጎረጎረው እግር ከሌላው ሊቀጥን ይችላል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ሊወፍር። ርዝመቱም ሊለያይ ይችላል። ሐኪሟ «እግሩን ለኪልኝ» ያለችኝ ለዚህ ነው። እሷ በሦስት ወር አንዴ ነው የምታየው፤ እኔ ዘወትር አብሬያት ነኝ።

ለስላሳውን የስፌት ሜትር ተጠቀሙ፤ የአናጢው ብረት አይሆንም። ሜትር ሲያረጅ እንደሚሳብ ማንም ልብስ ሰፊ ያውቃል፤ ስለዚህ አዲስ ይሁንና ለዚህ ሥራ ብቻ አስቀምጡት። ልጁ በጀርባው ተኝቶ፣ ጠግቦ፣ ባያለቅስ ይመረጣል። የሚያለቅስ ልጅ ጡንቻውን ይቋጥራል፤ ቁጥሩም ይዋሻል።

ሁለት ቦታ ብቻ ለኩ። አንዱ ባት ነው፤ ሜትሩን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ በጣም የወፈረውን ቦታ ፈልጉ። ሁለተኛው ጭን ነው፤ ከጉልበት ሎሚ የላይኛው ጠርዝ 5 ሳንቲሜትር ወደ ላይ ቆጥራችሁ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉና እዚያ ለኩ። ከፍ ሲል 7 ወይም 8 ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ዋናው ሁለቱም እግር ላይ አንድ ዓይነት መሆኑና የቀየራችሁበትን ቀን መጻፋችሁ ነው። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫነው። እኔ ለደንበኛ ስለካ ከሜትሩ ሥር አንድ ጣት አስገባለሁ፣ ልብስ መተንፈሻ ስለሚፈልግ። እዚህ ግን ጣት የለም። መጀመሪያ ሳምንት በልማድ ጣቴን አስገብቼ ለክቼ ልጄን በአንድ ሳንቲሜትር አወፍራታለሁ!

እያንዳንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ለኩና መካከለኛውን ቁጥር ጻፉ። የሚለካው ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን። ባሌና እኔ በአንድ ቀን ለክተን በ8 ሚሊሜትር ተለያየን፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ጸሐፊ ሆነ፣ እኔ ለኪ። በወር አንዴ ይበቃል። በየሳምንቱ ከለካችሁ የምትለኩት የራሳችሁን ጭንቀት ነው።

የኛን ደብተር ልግለጥላችሁ። በአንደኛው ወር ግራ ባት 11.4፣ ቀኝ ባት 12.1። በስድስተኛው ወር ግራ 16.5፣ ቀኝ 17.2። ዓመት ሲሞላት ግራ 18.9፣ ቀኝ 19.5። እግሯ ቀጭን ነው፣ አዎ። ግን ሁለቱም ያድጋሉ፤ በመሀላቸው ያለው ልዩነትም ባለበት ቆሟል። ሐኪሟ ደብተሩን አይታ «ይኼ ከኔ ካርድ ይበልጣል» ብላ ፎቶ አነሳችው። ልዩነቱ ከወር ወር እየሰፋ ከሄደ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ደውሉ።

ርዝመቱን ቤት ውስጥ ለመለካት አትድከሙ። የሕፃን እግር አይዘረጋላችሁም፤ የምታገኙት ቁጥር ለጭንቀት ካልሆነ አይጠቅምም። እሱን ሐኪም ይለካው። ከ2 ሳንቲሜትር በታች የሆነ ልዩነት ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ቢበዛ ጫማ ውስጥ ከፍ የሚያደርግ ነገር ይገባል። መራመድ ስትጀምር ግን አካሄዷን ከኋላዋ ሆናችሁ እዩ።

ፎቶም አንሱ። ሁልጊዜ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያለ ፍላሽ፣ ነጭ አንሶላ ላይ። ስልኩ በራሱ ቀለም የሚያሳምርበትን ነገር አጥፉት። ሜትሩ ጎኗ ተዘርግቶ ፎቶው ውስጥ ይግባ። በየጊዜው ሁለት ፎቶ ይበቃል፦ አንዱ እንደሞቀች፣ አንዱ ልብሷ ወልቆ ጥቂት ደቂቃ ከቆየች በኋላ። የሞቀውን ከሞቀው፣ የቀዘቀዘውን ከቀዘቀዘው ጋር ብቻ አወዳድሩ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ የሞቀ ፎቶ ከቀዘቀዘ ጋር አስተያይቼ «ባሰባት» ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ አልቅሻለሁ። ያ ለቅሶ ባዶ ኪሳራ ነበር።

ልብስ፣ ውሃና ቆዳ

በሳሳው ቆዳ ላይ ቁስል ሊወጣ ይችላል። ሁሉም ልጅ ላይ አይወጣም፤ ሲወጣ ግን ጉልበትና ክርን የመሰሉ መታጠፊያዎችን ይወዳል። ስለዚህ የቀን ተቀን ሥራው ያን ቆዳ ከፍትጊያ መጠበቅ ነው።

የሕፃን ሱሪ ገልብጣችሁ ስፌቱን ዳስሱት። በውስጥ በኩል ያለው ጠርዝ ለኛ ምንም ነው፤ ለሳሳ ቆዳ ግን መጋዝ ነው። እኔ የልጄን ሱሪዎች ስፌታቸውን ወደ ውጭ አድርጌ ሰፋኋቸው። መስፋት ካልቻላችሁ ገልብጣችሁ አልብሷት። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። ወገብና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያጣብቅ ላስቲክ አይኑር፤ ልብሱ ሲወልቅ ቆዳው ላይ መስመር ትቶ ከሄደ ጠቧል ማለት ነው። ዳይፐርም ብሽሽት ላይ እንዲሁ። ካልሲ ውስጥ የተንጠለጠለ ክር ካለ ቁረጡት፣ ጣት ላይ ይጠመጠማል። ይኼ ለማንኛውም ሕፃን ነው።

መረቡ በብርድ ይደምቃል ብላችሁ አታፍኗት። ከናንተ አንድ ድርብ በልጦ ከለበሰች በቂ ነው። እንቅልፍ ላይ ከልክ በላይ መሞቅ ለማንኛውም ሕፃን አደገኛ ነው፤ የእግር ቀለም ከዚያ አይበልጥም። የሞቀ ውሃ የያዘ ጠርሙስ እግሯ ሥር ማድረግ፣ ወደ ማሞቂያ ማስጠጋት፣ በኃይል ማሸት፣ እነዚህን ሁሉ የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ። አንዱንም አታድርጉ። ደሙ አልቆመም፤ የደም ሥሮቹ ሰፍተው ነው የሚታዩት። ማሸት አያጠባቸውም፣ ሙቀቱ ግን ያቃጥላል።

ገላዋን ለብ ባለ ውሃ፣ 37 ዲግሪ አካባቢ፣ እጠቡ። ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ ትንሽ። በፎጣ አትፈትጉ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አድርቁ። ከዚያ ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን በስሱ። «ይኼ ቅባት መረቡን ያጠፋል» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉት። የሚያጠፋ ቅባት የለም።

ቁስል ከወጣ ደግሞ፦ እኛ ላይ በሰባተኛው ወር መጣ፤ መዳህ ጀምራ ጉልበቷ ውጪ በኩል የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቦታ ተላጠ። ለሐኪሟ በዚያው ቀን ፎቶ ላክሁላት። የነገረችኝ ቀላል ነበር። በንጹሕ ውሃ አጥቢው፤ ቫዝሊን አድርጊበት፤ የማይጣበቅ የቁስል መሸፈኛ አልብሺው፤ ፕላስተሩን ግን የሳሳው ቆዳ ላይ አትለጥፊው። ያ የመጨረሻው ነው ዋናው። ፕላስተር ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። እኔ መሸፈኛውን በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ጠምጥሜ፣ ከላይ ከአሮጌ ካልሲ የቆረጥኩትን እንደ እጅጌ አጠለቅኩላት። ጥብቀቱን በአንድ ጣት ለካሁ፤ እዚህ ጋ የልብስ ሰፊ ጣቴ ቦታ አገኘች። በ16 ቀን ዳነ፤ ትንሽ ጠባሳ ትቷል። ቁስሉ ዙሪያው ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ከሰፋ ግን ቤት ውስጥ አይታከምም።

ለመዳህ ጊዜ የሱሪዋን ጉልበት ውስጥ በኩል ድርብ ለስላሳ ጨርቅ ሰፍቼበታለሁ። ስፌቱ ጉልበቷ ላይ እንዳያርፍ ጨርቁን ሰፋ አደረግኩት። ይህችን ከሁሉም ሥራዬ በላይ እኮራባታለሁ።

ክትባት በጊዜው ይሰጥ፤ ይኼ በሽታ ክትባት አያስቀርም። ጭን ላይ ሲሆን «በቀኙ አድርጉላት» ብዬ እጠይቅ ነበር፤ እሺ ይሉኛል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው

አንዱን ዓይን ከሌላው ትልቅ ሆኖ ካያችሁት፣ የዓይኑ ጥቁር ክፍል ዳመና ከመሰለ፣ ብርሃን ከሸሸና ሁሌ ካነባ። እግሩን ማንቀሳቀስ ከተወ ወይም ሲነኩት ካመመው። ድንገት ካበጠ። ከ3 ወር በታች ያለ ልጅ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተኮሰ፤ ይኼ ከሲኤምቲሲ ጋር ባይገናኝም ሁልጊዜ ወዲያው የሚታይ ነው። ሲወስዷችሁ የበሽታውን ሙሉ ስም በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም እግሩን አይቶ «ይኼ መቼ ጀመረ?» ሲል፣ «ከልደት ጀምሮ፣ ይኸው ፎቶው» ማለት መቻል ብዙ ደቂቃ ያተርፋል።

ሌዘርስ?

ሁሉም ይጠይቀኛል። ለአንዳንድ ቀይ የልደት ምልክቶች በሌዘር ማከም ይረዳል። ለዚህኛው ግን ውጤቱ ደከም ያለ ነው፤ ቆዳውም የሳሳ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው በራሱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሕፃን ላይ መቸኮል የለም። እኛ ጠብቀናል።

ሰው ሲጠይቅ

ሰው ያያል፤ ማየቱ አይቀርም። አንዷ ደንበኛዬ ልብስ ልትለካ መጥታ «ማን ቆነጠጣት?» አለችኝ። ደም ፊቴ ላይ ወጣ። ያን ቀን ያልኩትን አልጽፈውም። በኋላ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ፦ «አብሯት የተወለደ የደም ሥር ምልክት ነው፣ አያማትም፣ አይተላለፍም።» ከዚያ ወሬ እቀይራለሁ። አማቴ «ማርያም ስማት ነው» ይላሉ፤ እሳቸውን አላርማቸውም።

ልጅ የሚጠብቅላችሁ ሰው ካለ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አይበቃም። በሕፃናት ማቆያ መረቡን መደብደብ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል፣ መጠርጠሩም ልክ ነው። ገና የመጀመሪያ ቀን ሐኪሟ የጻፈችውን ወረቀት ኮፒ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ እግሯንም ገልጬ አሳየኋቸው። ፕላስተር አትለጥፉባት፣ አትሹት፣ ቁስል ካያችሁ ደውሉልኝ። ይኸው ነው።

አሁን

አብዛኛው መደብዘዝ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው። ልጁ ሲያድግ ቆዳው ይወፍራል፤ መረቡም ከሥር እየራቀ ይሄዳል። አንዳንዱ ላይ ምንም ሳይቀር፣ አንዳንዱ ላይ ጥላ ብቻ ትቶ። ልዩነት ያለው እግር ግን ቀለሙ ቢጠፋም በራሱ እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ መረቡ ደበዘዘ ብላችሁ መለካቱን አታቋርጡ። ልጁ ማደጉን እስኪጨርስ ሐኪም ይከታተለዋል፣ በዓመት አንዴም ቢሆን።

የኔዋ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ሆዷ ላይ የነበረው ጠፍቷል። ጭኗ ላይ ገላዋን ታጥባ ስትወጣ ብቻ ብቅ ይላል። ጉልበቷ አካባቢ አሁንም አለ። ባቷ ላይ ያለው ልዩነት ባለፈው ወር 6 ሚሊሜትር ነበር።

አስቸጋሪው አሁን መለካቱ ነው። ሜትር ስታይ ትሮጣለች። ያገኘሁት ዘዴ ይኼ ነው፦ ሁለት ሜትር አወጣለሁ። አንዱን ለሷ እሰጣታለሁ። እሷ የአሻንጉሊቷን እግር ትለካለች፣ እኔ የሷን። መጀመሪያ የሷ ቁጥር ደብተሩ ላይ ካልተጻፈ እግሯን አትሰጠኝም። ስለዚህ በኛ ደብተር ውስጥ ከግራ ባትና ከቀኝ ባት ቀጥሎ ሦስተኛ መስመር አለ፦ አሻንጉሊት፣ 9።